ዱቄቱን ውሃ ውስጥ የከተተችው ሴት

ባሌ ዓመት ሙሉ በየደረሰበት ያወራት አንዲት ቀልድ አለችው። ቀልዷ ስለ እኔ ናት። ሎጊያ ላይ ሻይ ይዞ ሲቀመጥ ያወራታል፤ ሚሌ ላይ ጎማ ሲያስጠግን ያወራታል፤ አዋሽ ሲገባ ደግሞ እዚሁ ምግብ ቤቴ ውስጥ፣ እኔ የሠራሁትን እየበላ፣ እኔው እየሰማሁት ያወራታል። «ይህቺ የኔ ሚስት» ብሎ ይጀምራል፣ በማንኪያው እየጠቆመኝ፤ «ከህንድ አገር በአውሮፕላን የመጣ መድኃኒት፣ አመድ የመሰለ ደረቅ ዱቄት፣ ውሃ ውስጥ ከታ አቦካችልኝ!» ሾፌሮቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ይስቃሉ። ከመሀላቸው አንዱ «ታዲያ ጋገረችው?» ይላል። ይህን የሚል ሰው ጠፍቶ አያውቅም፤ ያለው ሁሉ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የተባለ ይመስለዋል።

እኔ ሳህን አነሳለሁ፣ ጠረጴዛ እወለውላለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እውነት ነው፣ አይነቅዝም፤ ይቆመጥጣል እንጂ። አንድ ዓመት ሙሉ አፌ ውስጥ ይዤው ስለቆመጠጠብኝ ነው አሁን የምጽፈው። ደግ ሚስት ነበረች እንዲባልልኝ አይደለም። ደግ አልነበርኩም፤ ተናድጄ ነበር፤ አሁንም አልበረደልኝም።

ባሌ ከጅቡቲ ወደ መሀል አገር ጭነት የሚያመላልስ የተሳቢ መኪና ሾፌር ነው። ስኳር በሽታ ከያዘው ብዙ ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ በኪኒን ቆየ፤ ኪኒኑ አልበቃ ሲል ሐኪሙ ኢንሱሊን አዘዘለት፤ ከምግብ በፊት የሚወጋው አንድ ዓይነት፣ ማታ ከመኝታ በፊት የሚወጋው ሌላ ዓይነት። ኢንሱሊን ደግሞ ሙቀት አይችልም። አዋሽ ማለት ቅቤ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ እንደ ዘይት የሚፈስበት ከተማ ነው። ፍሪጅ አለን፤ መብራቱ ግን የሚመጣው ሲያሰኘው ነው። ሲመጣም በረንዳው ላይ የተቀመጠ ሁሉ ቀዝቃዛ ውሃ እያለ ፍሪጁን ሲያስከፍተኝ ይውላል።

ስለዚህ መድኃኒቱን የማስቀምጠው የሠፈራችን የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ በሚያስቀምጥበት መንገድ ነው። ትልቅ የሸክላ ማሰሮ፣ በውስጡ ትንሽ ማሰሮ፣ በሁለቱ መሀል አሸዋ። አሸዋውን ጠዋትና ከሰዓት ውሃ አጠጣዋለሁ፤ አፉን በእርጥብ ጆንያ እከድነዋለሁ። የኢንሱሊኑ ጠርሙስ ትንሿ ማሰሮ ውስጥ ቀዝቀዝ ብሎ ይቀመጣል። ከወሎ ስመጣ ይህን አላውቅም ነበር፤ ጎረቤቴ ናት ያሳየችኝ። ከዚያ ወዲህ ራሴ ውሃ ሳልጠጣ የዋልኩበት ቀን አለ፤ ያ አሸዋ ሳይጠጣ የዋለበት ቀን ግን የለም። የባሌ ቀልድ ሰውን የሚያስቀውም በዚህ ነው። እዚህ አገር ኢንሱሊን ሲባል እርጥብ ቦታ ይቀመጣል፤ ሌላ መንገድ ያየ የለም።

መድኃኒቱ ይቀዘቅዛል፤ ሰውየው ግን አይወጋም። ቤት ሲሆን ይወጋል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። መንገድ ላይ ሲሆን ይተወዋል። ምክንያቱን ከራሱ አልሰማሁም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ አገር ሁሉ ካወቀው በኋላ ከሌላ ሾፌር ነው የሰማሁት። ሎጊያ አንድ አልጋ ቤት አድሮ ሲነሳ መርፌውን ትራስ ሥር ረስቶት ኖሯል። አልጋ አንጣፊዋ አግኝታ ለባለቤቱ ሰጠችው። ባለቤቱ መርፌውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ ቁርስ የሚበሉት ሾፌሮች መሀል ገብቶ «እኔ ቤት ሐሺሽ የሚወጋ ሰው አይተኛም!» አለ። ባሌ «ስኳር አለብኝ» ቢል በሁለት ቃል የሚያልቅ ነገር ነበር። አላለም። ቦርሳውን አንስቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ከአዋሽ ሲነሳ ኢንሱሊኑን እዚሁ ጥሎት ይሄድ ጀመር። አራት አምስት ቀን ከርሞ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ውሃ ቢጠጣ ቢጠጣ የማይረካ ሆኖ ይመለሳል። ጫማ የላጠው የእግሩ ቁስል ለወራት አልድን አለ። ያን የአልጋ ቤት ባለቤት አይቼው አላውቅም፤ ግን ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር እረግመዋለሁ። ባሌንም አብሬ እረግመዋለሁ። ተሳቢ ይዞ ያን ሁሉ በረሃ የሚያቋርጥ ወንድ፣ ከመሞት ይልቅ መታየትን ፈራ።

የባሌ ታላቅ ወንድም የመጣብን በዚህ መሀል ነው። አዳማ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ስኳሩም የዘር ስለሆነ እሱም አለበት። ዓይኑን ለመታከም ህንድ አገር ደርሶ ከተመለሰ በኋላ ከዚያች አገር ውጭ ሰው የሚኖር አይመስለውም። ምግብ ቤቴ ገባና ከመቀመጡ በፊት ጠረጴዛውን በመሐረቡ ጠረገ። እኔ አሁን የወለወልኩትን ጠረጴዛ! ከቦርሳው ካርቶን አወጣና «መርፌ ቀረ» አለ። «የሰለጠነ አገር ሰው ኢንሱሊን አይወጋም፤ በትንፋሹ ይስበዋል።» ለራሱ ከታዘዘለት ላይ ለወንድሙ ያካፈለው ነው፤ ሐኪም ያየው ግን እሱን እንጂ ባሌን አይደለም።

ካርቶኑ ውስጥ የልጅ ፊሽካ የምታህል፣ መድኃኒቱ በአፍ የሚሳብባት የፕላስቲክ መሳቢያ ነበረች። ከሷ ጋር፣ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ እንደሚኖረው ባለ ብርማ ወረቀት የታሸጉ፣ የጥይት ቀለህ የመሰሉ ትንንሽ ፕላስቲኮች። በውስጣቸው ዱቄት አለ፤ ዱቄቱ ኢንሱሊን ነው። ቀለሁን መሳቢያዋ ውስጥ ትከታለህ፣ ትንፋሽህን ታወጣለህ፣ አፍህ ላይ አድርገህ ወደ ውስጥ ትስባለህ፤ ዱቄቱ በሳንባ አድርጎ ደም ውስጥ ይገባል። በቃ፣ ይኸው ነው። አልዋሽም፣ ሲያሳየን እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬም ቢሆን መጥፎ ነገር ነው አልልም፤ ለሚሆነው ሰው ተአምር ነው። የባሌን ፊት ብታዩት! እንደዚያ ፈክቶ ያየሁት የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደች ቀን ነው።

ምሳ ሲቀርብ እዚያው ሳበው። ሳሉም እዚያው ጀመረው። የአንገቱ ሥር እስኪገተር፣ ዓይኑ እንባ እስኪያወጣ ሳለ። ወንድሙ «መጀመሪያ ያስላል፤ ይለመዳል» አለ። ባሌ እንባውን ጠርጎ ሳቀና «ያው ሲጋራ ማለት አይደል? ይህንማ ድሮ ለምጄዋለሁ» አለ። በልቶ ሲጨርስ እጁን ታጥቦ ሲጋራ ለኮሰ።

እዚህ ላይ የባሌን ደረት ላስተዋውቃችሁ። ከአዋሽ ጅቡቲ እስኪወርድ ስንት ፓኮ እንደሚጨርስ እሱም አያውቀውም። ከሲጋራው የተረፈውን ቦታ አቧራና የናፍጣ ጭስ ይዞታል። ጠዋት ከመናገሩ በፊት መሳል አለበት። ሲተኛ ደረቱ ያፏጫል፤ ትንፋሽ ሲያወጣ አንድ ዓይነት፣ ሲያስገባ ሌላ ዓይነት። ይህን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ጆሮዬን አስደግፌበት የምተኛው እኔ ነኝ።

ካርቶኑ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ነበረበት፤ ሲዘረጋ ጋዜጣ ያህላል፣ ፊደሉ ጉንዳን ያህላል። እኔ አሥረኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ እንግሊዝኛዬ ግን ፊደል ከመለየት ብዙ አያልፍም። «ማጨስ» የሚለውን ቃል ለየሁት፤ ሲጋራ ፓኮ ላይ ሳየው የኖርኩ ቃል ነው። በማግስቱ ወረቀቱን ሸሚዜ ውስጥ ሸጉጬ ከመንገዱ ማዶ ላለችው ፋርማሲስት ወሰድኩላት። ወጣት ናት፣ ግን የምታነበውን አንብባ የምትናገር ዓይነት ናት። ጊዜ ወስዳ አየችው።

«እትዬ፣ ሦስት ነገር ልንገርሽ» አለችኝ። «አንደኛ፣ ይህ የምግቡን መርፌ ብቻ ነው የሚተካው፤ የማታው መርፌ አይቀርም። ሁለተኛ፣ ለሚያጨስ ሰው አይሆንም፤ ሳንባው ለታመመ ደግሞ ጭራሽ አይነካም። ድንገት ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላል። ሳንባው በመሣሪያ ሳይለካ ማንም አይጀምረውም። ሦስተኛ፣ እርጥበት እንዳይነካው። ከሽፋኑም አታውጪው። ውሃ ከነካው በቃ፣ የሚጣል ነው።» ከዚያ ቀና ብላ «ማነው የሚወስደው?» አለችኝ።

«ባሌ ነዋ።»

ባሌን ታውቀዋለች። በየጊዜው የፋርማሲዋ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲያጨስ «እባክህ ራቅ በል» የምትለው እሷ ናት። ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችልኝና «ወላሂ፣ እንዳይስበው» አለችኝ።

ቤት ተመልሼ ሁለቱን ነገርኩት። የማታው መርፌ አይቀርም አልኩት፤ ለሚያጨስ አይሆንም አልኩት።

«ማን ነው ያለው?» አለኝ።

«ወረቀቱ።»

«ወረቀቱ እኔን የት ያውቀኛል?»

«እኔ አውቅሃለሁ። ደረትህን እየሰማሁት ነው የማድረው። ሐኪም ቤት ሄደህ ብታስለካው ምን አለበት?»

«ሄጄስ? አጫሽ ነኝ ብዬ መድኃኒቱን ላስቀማ?»

«አጫሽ አይደለህ?»

«አንቺ ሴት» አለኝ፣ «መርፌ ስወጋ ማየት ደስ ይልሻል። ስንት ዓመት የተሸማቀቅሁበት ነገር ዛሬ ቀርቶልኝ ቢያድር፣ እንደገና ወደዚያው ልትመልሺኝ ነው የምትፈልጊው። ምቀኛ!»

ምቀኛ። ስንት ዓመት አሸዋ ያጠጣሁለት ሰው ነው ይህን ያለኝ። «እንግዲያው ሲጋራውን ተወው!» አልኩት። «ሲጋራውን ተወውና ሳንባህን አስለክተህ ና፤ ዱቄቱን እኔ ራሴ አፍህ ላይ እይዝልሃለሁ።» ተነስቶ በር ላይ ቆመና ጀርባውን እንደሰጠኝ ለኮሰ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ሦስተኛውን ነገር፣ የእርጥበቱን፣ አልነገርኩትም። ያን ጊዜ አስቤበት አይደለም፤ አላስጨረሰኝም እንጂ።

ለወንድሙ ደወልኩ። እሱንም አልለመንሽም እንዳልባል ነው። «ጋሼ፣ አንቱ እንኳ ምከሩት፤ ይህ መድኃኒት ለሚያጨስ ሰው አይሆንም ይላል» አልኩት።

«ህንድ አገር የሚያጨስ ሰው የለም ብለሽ ነው?» አለኝና ሳቀብኝ። «አንቺ ወጥሽን አማስይ፤ ሕክምናውን ለሕክምና ሰዎች ተይ።» እሱ መለዋወጫ ሻጭ ነው፤ ይህንን ልድገመው፣ መለዋወጫ ሻጭ ነው።

ሁለተኛውም ቀን ሦስተኛውም ቀን እየሳበ፣ እየሳለ፣ እያጨሰ አለፈ። የማታውንም መርፌ «ቀርቷል አልኩሽ እኮ» ብሎ ተወው። ቅዳሜ ጭነት ሊያነሳ ጅቡቲ ይወርዳል። ዓይኔን ስከድን የሚታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከገዋኔ ወዲያ፣ ቤት በሌለበት፣ ስልክ በማይሠራበት፣ መሪ እንደያዘ ትንፋሽ ሲያጥረው። ዱቄቱን ልሰርቀው አሰብኩ። ብሰርቀው ያውቅብኛል፤ ወንድሙም በግትርነት ሌላ ያስመጣለታል። ልጥለው አሰብኩ፤ ያው ነው። ለምኜዋለሁ፣ ተጣልቼዋለሁ፣ ወንድሙ ዘንድ ከስሼዋለሁ።

የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር፤ ደደብ መሆን። ለዚህ ደግሞ ምስክር መጥራት አላስፈለገኝም። ከወሎ ገጠር መጥታ ወጥ የምትሸጥ ሴት ደደብ ናት ቢባል ለማመን የሚቸገር ሰው የለም።

ዓርብ ቀን ባሌ ለጁምዓ ወደ መስጊድ ሲሄድ ካርቶኑን ከሣጥን አወጣሁት። ብርማውን ወረቀት አንድ በአንድ ቀደድኩት። ቀለሆቹን ሁሉ ትንሿ ማሰሮ ውስጥ አፈሰስኩ። አሸዋውን እንደ ልማዴ አጠጣሁ፤ ከዚያ እርግጠኛ ለመሆን አንድ ጣሳ ውሃ ትንሿ ማሰሮ ውስጥም ጨመርኩበት። የመርፌውን ኢንሱሊን በፌስታል ጠቅልዬ ከላይ አስቀመጥኩት፤ ጠርሙስ ስለሆነ እሱ ምንም አይሆንም። እርጥቡን ጆንያ ከደንኩ። ሰው መድኃኒት አጥቶ በሚለምንበት አገር መድኃኒት አበላሸሁ። ለዚህ የምጠየቅበት ቀን አለ፤ ያን ቀን እመልሳለሁ።

ከመስጊድ ሲመለስ ምሳ አቀረብኩለት።

«ዱቄቴን አምጪው» አለኝ።

«ማሰሮው ውስጥ አድርጌልሃለሁ፣ ሙቀት እንዳይነካው ብዬ።»

ጆንያውን አነሳ። እጁን ከተተና ዕፍኝ ሙሉ ቀለህ ይዞ አወጣ፤ ውሃው በክርኑ እየተንጠባጠበ። አንዱን ዓይኑ ድረስ አስጠግቶ አየው። ዱቄቱ ሊጥ ሆኗል። «ሽፋኑን ማን ቀደደው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እኔ ነኛ።»

«ለምን?»

«ብርዱ እንዲገባው።»

ቀና ብሎ አየኝ። አሁን ያውቅብኛል፣ ወረቀቱን አስነብበሽ አልነበር እንዴ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላለኝም። ፊቱ ላይ ያየሁት ጥርጣሬ አይደለም። አመነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ይህን ለማድረግ የምበቃ ደደብ መሆኔን ለማመን አንድ አፍታ ብቻ በቃው። ቀጥሎ ከወረደብኝ ስድብ ሁሉ ይልቅ ያቃጠለኝ እሱ ነው። ዛሬም የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

ጮኸ። ማሰሮውን ሊሰብረው አነሳና የመርፌው ጠርሙስ ውስጡ መሆኑን ሲያይ መልሶ አስቀመጠው። ወንድሙ ጋ ደወለ፤ ወንድሙ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች!» አለ። «ሁለተኛ ለዚያ ቤት መድኃኒት የሚባል ነገር ብልክ እኔ ሰው አይደለሁም!» የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። ኩሩ ሰው ነውና አንዴ ከማለ አይመለስም። በለቅሶ ድምፅ «ይቅር በሉኝ ጋሼ፣ አላወቅሁም» አልኩና ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ሦስት ቀን እህል አላስኬድ ያለኝ ጉሮሮ ያን ቀን አንድ ሙሉ ሳህን ሩዝ አወረደ።

ቅዳሜ ሲነሳ ኢንሱሊኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ መርፌዎቹን ጨምሬ፣ ጋቢናው ውስጥ ከመቀመጫው ኋላ አስቀመጥኩለት። አይቶ ሰደበኝ። ግን አላወረደውም።

ቀልዱ የተጀመረው በዚያው ጉዞ ላይ ነው። ሎጊያ ደርሶ ንዴቱን ሲተነፍስ ሾፌሮቹ ሳቁ፤ ሲስቁ ጊዜ እሱም ሳቀ። ሲመለስ ሚሌ ላይ ትንሽ ቅመም ጨመረበት። ተመልሶ አዋሽ ሲገባ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ኖሮ፣ ሻይ ለመጠጣት የሚገባ ሁሉ «ዱቄቷ ሴትዮ እዚህ ናት?» ይል ጀመር። መንገድ ላይ ልጆች ሳይቀሩ አውቀውኛል። ፋርማሲስቷ ብቻ አንድ ቀን ዓይኔን ትኩር ብላ አየችና ሳትስቅብኝ ፓራሲታሞሌን ሰጠችኝ።

አንድ ነገር ግን እኔም አላሰብኩትም ነበር። ቀልዱን ለማውራት በሽታውን መናገር ነበረበት። «ሚስቴ የስኳር መድኃኒቴን አቦካችው» ሳይል እንዴት ያወራዋል? አለው። አንዴ ካለው በኋላ የሚደበቅ ነገር አልቀረም። ገዋኔ ላይ አንድ ሽማግሌ ሾፌር «እኔም እኮ አለብኝ፤ ከሰው ተደብቄ መኪና ሥር ገብቼ ነው የምወጋው» አለው አሉ። አንድ ቀን ወጥ ይዤ ስወጣ ባሌን ጠረጴዛ ላይ፣ አራት ሾፌር መሀል፣ ሸሚዙን ገልጦ ሆዱን ሲወጋ አየሁት። እየወጋም ቀልዷን እያወራ ነበር። ያን ሎጊያ ላይ የዋጠውን ቃል እኔን እያዋረደ አወጣው። የእግሩ ቁስል በሁለት ወር ውስጥ ደረቀ። ደስ አለኝ፤ ሳህኑንም አናቱ ላይ ልደፋው አማረኝ።

ሲጋራውን ግን አልተወም። ዓመት ሲሞላ ጋቢና ላይ ለመውጣት መሀል ደረጃ ላይ ቆሞ ማረፍ ጀመረ። አዋሽ ያለው ሐኪም ሳንባህ ይመርመር አለው። አዳማ ይቀርበን ነበር፤ እሱ ግን ወደ ጅቡቲ ስለሚወርድ መንገዴ ላይ ነው ብሎ ሰመራን መረጠ። እኔም ምግብ ቤቱን ለእህቴ ትቼ አብሬው ወጣሁ። ለፍቅር አይደለም፤ ብቻውን ቢገባ «አላጨስም» ብሎ እንደሚዋሽ ስለማውቅ ነው።

ሰመራ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ወጣት ሐኪም ቱቦ አፉ ላይ አስይዞ «አባቴ፣ ይንፉ፣ ይንፉ፣ አያቋርጡ» እያለ ሦስት ጊዜ አስነፋው። ባሌ በሦስተኛው ላይ ፊቱ ጠቁሮ ግድግዳ ያዘ። ሐኪሙ ከመሣሪያው የወጣውን ወረቀት አየና ሳንባው ክፉኛ እንደተጎዳ፣ ቱቦዎቹ እንደጠበቡ፣ ዛሬውኑ ሲጋራ ካላቆመ የተረፈውም እንደሚሄድ ነገረው። ከዚያ ካርዱ ላይ መጻፍ ጀመረ። ባሌ ዝምታ አይችልም። ቀልዷን አወጣት፤ ህንዱን፣ ዱቄቱን፣ ማሰሮውን፣ ደደቧን ሚስቱን፣ አንድም ሳያስቀር።

ሐኪሙ አልሳቀም። እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ስንት ቀን ሳቡት?» አለው።

«አራት ቀን ያህል።»

«ይህን ሳንባ ይዘው ያን ዱቄት ቀጥለው ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ቀን መሪ እንደያዙ ትንፋሽዎ ቀጥ ሊል ይችል ነበር» አለው። «አላህ ነው ያተረፈዎት።»

«አልሀምዱሊላህ» አለ ባሌ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ለምጄዋለሁ። ግን በቃኝ። «አላህስ አትርፎታል» አልኩ። «ማሰሮው ውስጥ የጨመረችው እጅ ግን ይህች ናት። ወረቀቱን አስነብቤዋለሁ። እርጥበት እንደሚያበላሸው አውቅ ነበር።»

ሐኪሙ እኔን አየ፣ እሱን አየ፣ ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ። ባሌ ተነስቶ ወጣ፤ ተከተልኩት። መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጋቢናው ውስጥ ሙቀቱ ፊት ይለበልባል። ገብተን ተቀመጥን። ቁልፉን ሰካው፤ ሞተሩን ግን አላስነሳም።

«አውቀሽ ነው?» አለኝ ፊት ለፊት እያየ።

«አውቄ ነው።»

«ብርዱ እንዲገባው ያልሽኝስ?»

«ውሸት ነው።»

መሪውን በመዳፉ መታው። ስለ ዱቄቱ የሚጮህብኝ መስሎኝ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። ያስጮኸው ሌላ ሆነ። «ዓመት ሙሉ!» አለ። «ዓመት ሙሉ በየሻይ ቤቱ ሳዋርድሽ፣ ስሰድብሽ፣ መሳቂያ ሳደርግሽ፣ አጠገቤ ቆመሽ ሳህን ታነሺያለሽ? አንዲት ቃል አትናገሪም? አንቺ ምን ዓይነት...» ሊቀጥል ሲል ሳሉ ቀደመው። መሪው ላይ ተደፍቶ ሳለ፣ ሳለ፣ ትከሻው እየዘለለ። ከጀሪካኑ ውሃ ቀድቼ ያዝኩለት።

እስኪጨርስ ጠበቅሁት። ውሃውን ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ዓይኑ እንደቀላ ወደ እኔ ዞረ።

«ለመሳደብም ትንፋሽ ያስፈልጋል» አልኩት። «እሱን ነው ያተረፍኩልህ።»